መዳፍ የምታህል

እዚያ ውሃ መሃል፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ዛፍ በማይታይበት፣ ሰው ምን አይቶ ነው ጠዋት ከአልጋው የሚነሣው?

አያት ይህን ጥያቄ በልባቸው ሲያላምጡ የግቢውን የብረት በር አንዱን መዝጊያ በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘዋል። መዝጊያው በማጠፊያው ላይ ደህና ቆሟል፤ ደጋፊ አላሻውም። እሳቸው ግን የልጅ ልጃቸው መዶሻዋን ባነሣች ቁጥር በሩ እላይዋ ላይ የሚወድቅ ስለሚመስላቸው አልለቅም ብለዋል።

“እማማ፣ ልቀቂው። የትም አይሄድም።”

“ምን አደረግሁሽ? ያዝሁት እንጂ።”

“እጅሽን እንዳልመታሽ ፈርቼ ነው።”

“ምቺኝ። እኔን ለማስታመም እንኳ ቤት ትቀሪያለሽ።”

ልጅቷ ሳቀችና ጎንበስ ብላ ማንኳኳቷን ቀጠለች። ከበሩ ታችኛ ጠርዝ የዛገው ቀለም እንደ ደረቀ ቅርፊት እየተላጠ ሲሚንቶው ላይ ይረግፋል። የሰፈሩ ሰው ፌንጣ ይላታል። በልጅነቷ ይህ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ በአጥር ዘላ ነበር የምትገባው። አሁን ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ትሠራለች፤ አንዴ ከሄደች ዘጠኝ ወር ነው። ለእረፍት መጥታ ስትተኛ ስትነሣ ከረመችና ዛሬ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ደጅ ወጣች፤ በሩን ላይ ታች አየችው፤ “ይሄ እኮ በልቶ ጨርሶታል” አለች፤ ከዚያ መዶሻና መፋቂያ ፍለጋ ገባች።

አያት ነገሩን በበጎ ተረጎሙት። በር የሚያድስ ሰው የሚቀር ሰው ነው። ወዲያው ደግሞ ልባቸው ተጠራጠረ። የሚሄድ ሰውስ ለሚቀሩት ብሎ አያድስም?

ነገሩ ዛሬ ይለይለታል። ማታ ከመርከብ ድርጅቱ ይደውላሉ። እመለሳለሁ ካለች ነገ ጠዋት ትነሣለች፤ አልመለስም ካለች ቦታዋን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ምን እንደምትል ለማንም አልተናገረችም። ሻንጣዋ ሳሎን ወንበር ላይ ግማሹን ሞልቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ተቀምጧል። አያት በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ሞላ ወይስ ጎደለ እያሉ በዓይናቸው ይለኩታል። ትናንት አንድ ሹራብ ጨምሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሹራቡ የለም። ወጥቶ ነው ወይስ ከሥር ገብቶ? እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሊያዩ ሲሉ አፈሩ።

ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም። መንገዱ ላይ፣ ከእነሱ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የምትሸጥ ሴት አለች። ሱቁን የሚይዝላት የታመነ ሰው እንደምትፈልግ ስትናገር አያት ሰሙ፤ በሰሙበት ቦታ ላይ ቆመው “ሰኞ ትጀምርልሻለች” አሉ። ለልጅቷ ግን እስካሁን አልነገሯትም። ጠዋት ሊነግሯት ነበር፤ ሻይዋን ትጨርስ አሉ። ሻይዋን ስትጨርስ መዶሻ አነሣች። መዶሻ ላነሣ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የቤቱ በር ተከፈተና ታናሽ ልጃቸው የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወጣ። ታክሲ ነው የሚነዳው፤ እናቱ እንኳ ሰው ፊት “ሹፌሩ” ነው የሚሉት። በመዶሻና በመፋቂያ መሃል ዘሎ አለፈ።

“አጎቴ፣ ልብስህን ቀለም እንዳይነካው።”

“ይንካው። ባለ መኪናው ነው ወይስ ባለ ቀለሙ ይበሉኝ። እማዬ፣ መጣሁ።”

“ሂድና ና” አሉ አያት፤ ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሻቸው የተመለሰው።

በዚህ ቤት ወጪ ሰው “ሄድኩ” ብሎ አያውቅም። “መጣሁ” ነው የሚባለው፤ እግሩ ገና ደጁን ሳይለቅ የተመለሰ ያህል። በየቤቱ የሚባል ቃል ነው፤ ሌላው ሰው ግን ሳያስበው ይለዋል፤ ባይለውም አይጎድልበትም። አያት ዘንድ ግን ቃሉ እንደ ቁልፍ ነው። ባላቸው ብረት በያጅ ነበሩ፤ ይህንን በር በገዛ እጃቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት አያት ከጓሮ ልብስ ሲያሰጡ፣ ሰውየው ሳይናገሩ ወጡ። እዚያው መሥሪያቸው ልባቸው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው “መጣሁ” ሳይል ከዚህ ግቢ አይወጣም። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚያነብበው ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ተይዞ ብሎ ነው የተለቀቀው፤ በወሩ ሲመለስ “ማዘር፣ ይኸው ባልኩት መሠረት መጣሁ” ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው።

ፌንጣም መጀመሪያ ወደ መርከብ ስትሄድ፣ ለዘጠኝ ወር ስትሄድ፣ ዳቦ ልትገዛ እንደምትወጣ ሰው ነበር “መጣሁ” ያለችው። አያት ዘጠኙን ወር በዚያች ቃል ተንጠልጥለው ኖሩ።

ረፋድ ላይ ባለ ቀለም ሱቋ ራሷ መጣች። በአንድ እጇ ቀይ የአንቲረስት ቆርቆሮ፣ በሌላው ቡናማ ቀለም ይዛለች፤ በብብቷ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላለች። አያት ከሩቅ ሲያዩዋት በዓይናቸው ጠቀሷት። ሴትዮዋ ጥቅሻውን እንደ ሰላምታ ቆጠረችው።

“እንዴት አደሩ እትዬ? ላኪልኝ ያሉኝን ራሴ ይዤው መጣሁ፤ ሠራተኛዬንም በዚያው አያታለሁ ብዬ።”

“ሠራተኛ?” አለች ፌንጣ ቀና ብላ።

“ምነው፣ ሰኞ አይደለም እንዴ የምትጀምሪው?”

አያት በሩን እንደገና ደገፉት፤ አሁን በእርግጥ የሚደገፉበት ነገር አስፈልጓቸው ነበር።

“እማማ?”

“ልነግርሽ ነበር። ሻይሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነው።”

“ሻዬን የጠጣሁት በጠዋት ነው።”

“እሱስ ልክ ነሽ።”

ባለ ሱቋ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፤ ያመጣችውን ቆርቆሮ ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም። “እኔ እንዲያው የተነገረኝን ነው” አለች። “ሥራው ቀላል ነው የኔ እህት፤ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ። እዚያ ባሕሩ ላይ ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?”

“ይሄው ነው” አለች ፌንጣ መዶሻዋን ከፍ አድርጋ። “የዛገውን ማንኳኳት፣ መፋቅ፣ መቀባት።”

“ቀለም ለመቀባት ነው ያን ሁሉ ባሕር የምትሻገሪው?”

“እየተሻገርኩ ነው የምቀባው።”

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። “እንግዲያው እኔ ዘንድ ከመጣሽ ትቀቢው የነበረውን ትሸጪዋለሽ ማለት ነው። በይ አስቢበት፤ እስከ ሰኞ ቦታው ያንቺ ነው። እትዬ፣ መጣሁ።” ይህን ሳትል እንደማትወጣ ታውቃለች።

ከሄደች በኋላ ፌንጣ የሽቦ ብሩሹን አንሥታ በሩን መፈተግ ጀመረች። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። አያት ይህችን ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጉ ናቸው፤ እናቷ ሌላ ከተማ ነርስ ናት። ስትቆጣ እንደማትጮህ፣ እጇ ብቻ እንደሚፈጥን ያውቃሉ። እጇ ፈጠነ። ገቡ፣ ወጡ፣ ውሃ አመጡላት። ጠጣች። ባርኔጣ አመጡላት። አደረገችው። ትራስ አመጡላትና “ጉልበትሽ ሥር አድርጊው፤ ሲሚንቶ ብርድ ይሰጣል” ሲሏት ሳትወድ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

“እማማ፣ ተቀመጪ።”

ትራሱ ላይ ራሳቸው ተቀመጡበት።

“አልተቆጣሁም” አለች።

“ተቆጥተሻል።”

“ትንሽ። ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ምን ብዬ? ብጠይቅሽ ትመልሺልኛለሽ፤ ከመለስሽልኝ በኋላ ደግሞ መልስሽን ይዤ መቀመጥ አለብኝ።” አያት ከጫማቸው ላይ የቀለም ቅርፊት አነሡ፤ በጣታቸው መሃል አሹት። “እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ውሃ ብቻ ነው። ዛሬም ውሃ፣ ነገም ውሃ። ምን አይተሽ ነው የምትነሺው? እኔ እዚህ ሰው እያየሁ፣ ጎረቤት እየገባ እየወጣ፣ አንዳንድ ቀን ብርድ ልብሱን ገልጬ ለመነሣት ጉልበት አጣለሁ።”

ፌንጣ የሽቦ ብሩሹን አስቀመጠች። “እውነቱን ልንገርሽ?”

“ንገሪኝ። ግን አታስፈሪኝ።”

“መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ደስ ይላል። ጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ ውሃው ውሃ ይሆናል። መርከቧ አሮጌ ናት፣ ጨው ይበላታል። ከፊት ጀምረን እያንኳኳን፣ እየቀባን ኋላዋ ስንደርስ ፊቷ እንደገና ዝጎ ይጠብቀናል።”

“እንደ ልብስ ማጠብ።”

“ቁርጥ እንደ ልብስ ማጠብ። አንድ ቀን መዶሻዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ለቅሶም አልመጣልኝም። ለአለቃችን ‘ቀጣዩ ወደብ ስንደርስ እወርዳለሁ’ አልኩት።”

“ያን ጊዜ ነው ድምፅሽ ጠፍቶብኝ የነበረው። ብዬ ነበር። ለሹፌሩ ‘ይህች ልጅ ደህና አይደለችም’ ብዬው ነበር። አለቃሽ ተቆጣሽ?”

“አልተቆጣም። ሽማግሌ ሰው ነው፤ አንቺን ያህላል። ቋንቋችን አይገናኝም፣ ግማሹን በእጅ ነው የምንነጋገረው። አጠገቤ ቁጭ አለና ጣቱን መርከቧ ላይ ከጫፍ ጫፍ እንዲህ አዙሮ፣ ራሱን ነቀነቀ። ‘ሁሏንም አትዪያት’ ማለቱ ነው። ከዚያ እጄን ይዞ ብረቱ ላይ ዘረጋው። ‘ይህችን’ አለኝ። መዳፍሽ የምታህለውን ፋቂ። ስትጨርሺ ደግሞ መዳፍሽ የምታህለውን።”

“እና እንዲህ ብሎሽ ነው የቀረሽው?”

“ለሱ ብዬ አንዲት መዳፍ ፋቅሁ። ከዚያ የሆነውን ላሳይሽ።”

ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ አርሳ፣ ከበሩ እጀታ አጠገብ ደህና የቀረውን ቡናማ ቀለም በአንድ ጣቷ በክብ ማሸት ጀመረች። ቀስ እያለች አሸችው፤ መሃሉን ጠበቅ፣ ዳሩን ላላ አድርጋ። ቡናማው ሳሳና ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። አረንጓዴው ሳሳና ነጭ ወጣ። ከነጩ መሃል ሰማያዊ፤ ከሰማያዊው መሃል ቀይ አንቲረስት፤ ከሁሉም መሃል ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ባዶ ብረት ብልጭ አለች። በእርጥብ ጣቷ ስትጠርገው ቀለማቱ ተደራርበው እንደተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ክብ በክብ ሆነው ታዩ።

አያት መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

“ሰማያዊው የሱ ነው” አሉ። “በሩን እንደሠራ የቀባው። እናትሽ በሆዴ ነበረች። ሽታው አስመልሶኝ ሳምንት ሙሉ ያን ሰው ስረግመው ነበር።”

“አረንጓዴውስ?”

“አረንጓዴው የአጎትሽ ጉድ ነው። መንዳት የተማረ ቀን ወደ ኋላ እየሄደ በሩን ገጨው። አቃንተው በያዱና እንዳይታወቅ አረንጓዴ ተቀባ። ሰው በጠየቀ ቁጥር ‘በሩ ነው የገጨኝ’ ይል ነበር። ቡናማውንም እሱ ነው የቀባው፣ አባቱ ከሞተ በኋላ፤ ሳይፍቅ ነው፤ እላዩ ላይ ነው የለጠፈው። ስልቹ ነው።” ጣታቸው ነጩ ላይ ቆመ። “ይሄ ነጭ ግን ከየት መጣ? በራችን ነጭ ሆኖ አያውቅም።”

“የሆነ ጊዜማ ሆኗል።”

“አልሆነም እላለሁ።” ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ውይ። አንቺ ነሽ።”

“እኔ ምን?”

“እናትሽ ሥራ ይዛ አንቺን እኛ ዘንድ ያመጣችሽ ጊዜ ነው። አያትሽ ‘ልጅ ቤቷን ከሩቅ የምታውቀው በነጭ በር ነው’ ብሎ ቀባው። አንድ ክረምት እንኳ አልቆየም። በከሰል ሥዕል ሞላሽበት፤ ቢያጥቡትም አልለቀቀም። እሱ ደግሞ ‘አትንኩባት’ ይል ነበር። ረስቼው። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?”

ፌንጣ ነጩን ክብ ጎንበስ ብላ አየችው። እንደ ክር ቀጭን ናት፤ ግን ዙሪያዋን ሙሉ አለች።

“እዚያም እንዲህ ነው” አለች በመጨረሻ። “ያን ቀን ከግራጫው ሥር ቢጫ አገኘሁ። ሽማግሌው አይቶ ሮጠና ሌሎቹን ጠራ። ቢጫውን የሚያስታውስ ማንም የለም። መርከቧ ድሮ የሌላ ሰው ነበረች ማለት ነው፤ ስሟም ሌላ ነበር። ከኛ በፊት ስንት ሰው እዚያችው ቦታ ላይ ተንበርክኮ ቀብቷታል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስንወጣ እንወራረዳለን፤ ዛሬ የምንፍቀው ቦታ ሥር ምን ቀለም ይወጣል? የተሸነፈ የምሳውን ፍሬ ይሰጣል። እኔ ብርቱካን በብርቱካን ሆኜ ነበር።”

“አየሽ፣ ብርቱካን እበላለሁ አላልሽኝም። እኔ እዚህ ምን ትበላ ይሆን እያልኩ…”

“ደግሞ ዝናብ አለ። እዚህ ዝናብ እላይሽ ላይ ነው የሚያገኝሽ። እዚያ ከሩቅ ሲመጣ ታዪዋለሽ፤ ፀሐይ እላይሽ ላይ እያለ፣ እንደ ሰው በእግሩ እየተራመደ። ሽማግሌው ያፏጫል፤ ሁላችንም መዶሻውን ጥለን ሳሙና ይዘን እንወጣለን። ጨዉን ከመርከቧም ከእኛም ያጥባል። ካፒቴኑ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ይወጣል።”

“ብርድ ይመታችኋል።”

“ይመታን።” ሳቀች። “አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ነግሬሽ አላውቅም። ትቆጪ ይሆናል ብዬ። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ በድምፅ ‘ለመሆኑ ሲመሽ መርከቡን የት ነው የምታቆሙት?’ ብለሽ የላክሽልኝ ትዝ ይልሻል?”

“ታዲያ የት ነው የምታቆሙት?”

“አይቆምም እማማ። ሌትም ይሄዳል።”

አያት ይህን እስከዛሬ አልጠረጠሩም ነበር። በየማታው ራት ከበሉ በኋላ “ይኸኔ አቁመዋል” ብለው ነበር የሚተኙት። ሊደነግጡ ሲሉ ልጅቷ ቀድማቸው ቀጠለች።

“ለልጆቹ ተርጉሜ ነገርኳቸው። እንዴት እንደ ሳቁ። አሁን ሥራ አልቆ ዕቃ ስንሰበስብ ሽማግሌው ወገቡን ይይዝና ውሃውን ግራ ቀኝ አይቶ፣ በኛው ቋንቋ ‘የት እናቁማት?’ ይላል። አፉ ይኮላተፋል፣ ‘የት ናቁማ’ ነው የሚለው። ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ይጠቁማል፤ እዚያ ማዕበሉ ሥር፣ እዚያ ደመናው ጥላ ውስጥ። ከቀኑ ሁሉ ያን ሰዓት እወዳለሁ። ሊመሽ ሲል ነው፤ ውሃው እንደ ብረት ቀልቶ ይቀዘቅዛል። ያቺን ቃል ስሰማ አንቺ እዚያ ወንበር አውጥተሽ የተቀመጥሽ ይመስለኛል።”

አያት መነጽራቸውን አወለቁ፤ በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ መልሰው ሲያደርጉት ጉም ለብሶ ነበር፤ እንደገና ጠረጉት። “በኔ እየሳቃችሁ ነዋ የምትውሉት” አሉ። ደስ እንዳላቸው ለመደበቅ ግን ጉልበት አልነበራቸውም።

ከሰዓት በኋላ አንቲረስቱን ቀቡ፤ ነፋስና ፀሐይ ስለነበር ቶሎ ያዘ። ቡናማውን ጀመሩ። አያት ብሩሽ ተሰጥቷቸው የታችኛውን ጠርዝ ትራሳቸው ላይ ተቀምጠው ቀቡ፤ ፈሰሰ አልፈሰሰ እያሉ ልጅቷን ፋታ ነሷት። እጀታው ዘንድ ሲደርሱ ልጅቷ ያን ባለ ክብ ቦታ በአንቲረስት ብቻ ሸፈነችና ብሩሿን አራቀች። መዳፍ የምታህል ቀይ ቦታ ቀረች።

“ያቺን ዘለልሻት” አሉ አያት።

“አልዘለልኳትም። ከመርከብ የሚወርድ ሰው መጨረሻ ላይ መዳፉን የምታህል ሳይቀባ ይተዋል። እንዳይዝግ አንቲረስት ብቻ። ቀጥሎ የሚመጣው ‘ከዚህ ጀምር’ ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌው ነው ያስተማረን።”

“ያንቺስ እዚያ አለች?”

“አለች። ከመልሕቁ ሰንሰለት በስተግራ።” ብሩሹን ቲነር ውስጥ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ “ወይ እኔ እሸፍናታለሁ፣ ወይ ሌላ ሰው ይሸፍናታል” አለች።

አያት በዓይናቸው ሲለኩት የከረሙት ሻንጣ ሞልቶ ይሁን ጎድሎ፣ ያን ጊዜ አወቁ።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። አያት ማድ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። ልጅቷ ስልኩን ይዛ መተላለፊያው ላይ ቆመች፤ ወዲያው አላነሣችውም፤ ወደ ማድ ቤቱ አየች። አያት ቀና ሳይሉ፣ “ሰውየው ይጠብቃል፣ አንሺው እንጂ” አሉ።

አነሣችው። ብዙ አልተናገረችም። “እሺ” ስትል፣ ቆይታ ደግሞ “እሺ፣ ጠዋት” ስትል ተሰማ። አያት ሽንኩርቱን ከሚገባው በላይ አድቅቀው ከተፉት። ሽንኩርት መሆኑ በጃቸው፤ ዓይን ቢያረጥብ ማንም አይጠይቅም።

ልጅቷ መጥታ በሩ ላይ ተደገፈች።

“ለባለ ሱቋ እኔ እነግራታለሁ” አሉ አያት።

“ምን ትያታለሽ?”

“እኔ ልቀጠርልሽ እላታለሁ። ወንበርም ጥላም አለ ብላ የለ።” ቢላዋውን አስቀመጡ። “ሹራቡን ከሥር አድርገሻል ወይስ አውጥተሽዋል?”

“የቱን ሹራብ?”

“ጠይቄሻለሁ።”

“ከሥር ነው።”

“ደህና” አሉ።

ጠዋት ሹፌሩ መኪናውን ደጅ አሙቆ፣ ሻንጣውን ጭኖ ተመለሰ። ቀለሙ ደርቋል፤ በሩ አዲስ የተገጠመ ይመስላል። አጎት ግራ ቀኙን እያየ “አበጃችሁ” አለ፤ ከዚያ እጀታው አጠገብ ዓይኑ ተያዘ።

“እንዴ፣ ይቺን ረስታችኋታል። በቀይ ቀርታለች።”

መልስ ሳይጠብቅ አጥሩ ሥር የነበረውን የቡናማ ቆርቆሮ በቁልፉ ፈልቅቆ ከፈተ፤ ብሩሹን ነከረ። “ለዚህች ለዚህች ጊዜ አለን። አንድ ጊዜ ላጥ ነው።”

አያት ከበረንዳው ወረዱ። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ፈጥነው ሲራመዱ ልጃቸው አይቶ አያውቅም። ብሩሹን ከእጁ ወሰዱት።

“ተዋት።”

“ታስጠላለች እኮ እማዬ። ሰው ምን ይላል? አልጨረሱትም ይላል።”

“ይበል። አልጨረስነውም።”

ክዳኑን ቆርቆሮው ላይ መለሱና በተረከዛቸው ረግጠው ረግጠው ገጠሙት። ሹፌሩ እናቱን አየ፣ በሩን አየ፤ “በዚህ ቤት ጤነኛ እኔ ብቻ ነኝ” ብሎ ወደ መኪናው ወጣ። መሪው ጋ ሲደርስ ትዝ አለውና አንገቱን በመስኮት አስግጎ፣ “መጣሁ እሺ፣ አድርሻት መጣሁ” አለ።

ልጅቷ በረንዳው ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ወረደች። አያቷን አቅፋ አንገታቸው ሥር ቆየች፤ ቀለም ቀለም ትሸታለች። አያት ሊሉ ያሰቡት ብዙ ነበር፤ ብርዱን፣ ዝናቡን፣ ሌት መሄዱን። ሌሊቱን ሲያሰልፉት አድረዋል። የሚጠብቁት ቃልም ነበር፤ ጆሯቸው ራሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። አንዱም ከማንኛቸውም አፍ አልወጣም።

ፌንጣ በሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እጇን ዘረጋች፤ መዳፏን በቀይዋ ቦታ ላይ ለጠፈችው። ልክ ነበረች።

ከዚያ ቃል ሳትናገር ወጣች።